ከባለ ብዙ ዘንግ አሬይ የሚፈለገውን ክፍል መምረጥ፦ በመቀሌ የከፍታና የዝናብ መረጃ የተዘጋጀ መመሪያ

አሬይ አንድ ዓይነት የሆኑ ቁጥሮች በቅደም ተከተል ተደርድረው የሚቀመጡበትና እያንዳንዱ ቁጥር በቆመበት ቦታ የሚጠራበት የመረጃ አደረጃጀት ነው። ቁጥሮቹ በአንድ መስመር ብቻ ሲደረደሩ ባለ አንድ ዘንግ፣ በረድፍና በዓምድ ሲሆኑ ባለ ሁለት ዘንግ፣ በዚያ ላይ ጊዜ ወይም ሌላ መለኪያ ሲታከል ባለ ሦስት ወይም ባለ አራት ዘንግ ይባላል፤ ዘንግ የሚባለውም ቁጥሮቹ የሚቆጠሩበት አቅጣጫ ነው። የመሬት ከፍታ ካርታ ከሰሜን ወደ ደቡብና ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚሄዱ ሁለት ዘንጎች ሲኖሩት፣ የአርባ ዓመት ወርኃዊ ዝናብ ግን በእነዚህ ላይ የወራትን ዘንግ ይጨምራል። በመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ስለ ጊባ ወንዝ ተፋሰስ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ተማሪም ሆነ ለከተማዋ የውኃ አቅርቦት ጥናት የሚሠራ መሐንዲስ ከእንዲህ ዓይነቱ ክምችት የሚፈልገው ጥቂቱን ብቻ በመሆኑ፣ የሥራው መጀመሪያ የሚፈለገውን ክፍል ለይቶ ማውጣት ይሆናል።

ክፍልን መምረጥ ከምቾት ያለፈ አስፈላጊነት አለው። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንታ ባርባራ የሚዘጋጀው ቺርፕስ የተባለው የዝናብ መረጃ ሁለተኛ እትም ከ50 ዲግሪ ደቡብ እስከ 50 ዲግሪ ሰሜን ያለውን የምድር ክፍል የጎናቸው ርዝመት 0.05 ዲግሪ በሆነ ካሬዎች ይከፋፍለዋል፤ ይህም 2000 ረድፍና 7200 ዓምድ ማለት ነው። መረጃው ከሚጀምርበት ከ1981 እ.ኤ.አ. እስከ 2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ያሉት 480 ወራት ሁሉ እያንዳንዱ ቁጥር አራት ባይት እየያዘ በአንድ ጊዜ ወደ ማስታወሻ ቢጫኑ 27.6 ቢሊዮን ባይት ያህል ይጠይቃሉ፣ ይህን ደግሞ ተራ ላፕቶፕ አይችለውም። ትግራይን በሚገባ የሚሸፍነው ከ12 እስከ 15 ዲግሪ ሰሜንና ከ36 እስከ 40.5 ዲግሪ ምሥራቅ ያለው ክፍል ብቻ ሲወሰድ ግን 60 ረድፍና 90 ዓምድ ስለሚሆን ለዚያው 480 ወር ወደ 10 ሚሊዮን ባይት ብቻ ይበቃዋል።

በዚህ መመሪያ የሚቀርቡት ምሳሌዎች በፓይተን ቋንቋና ለአሬይ ሥራ በተዘጋጀው ናምፓይ በተባለው ቤተ መጻሕፍት የሚሠሩ ናቸው። የፓይተን ሦስተኛ ትውልድ የግዕዝ ፊደልን በተለዋዋጭ ስምነት ስለሚቀበል፣ አሬይ በናምፓይ ከተጫነና ስም ከተሰጠው በኋላ ከዚህ በታች ያሉት መስመሮች እንደተጻፉ ሊሠሩ ይችላሉ። በዚህ የሚጠቀም ሰው ግን በአነባበብ አንድ የሆኑት ሞክሼ ፊደላት ለኮምፒዩተሩ የተለያዩ መሆናቸውን ልብ ማለት አለበት፤ በአንዱ መስመር «ዓምድ» በሌላው «አምድ» ብሎ የጻፈ ሰው ሁለት የተለያዩ ስሞችን ፈጥሯል።

የመጀመሪያው እርምጃ ከመቁረጥ በፊት የአሬዩን ቅርጽ ማወቅ ነው። ቅርጽ ማለት በየዘንጉ ስንት ቁጥር እንዳለ የሚናገር ዝርዝር ሲሆን በናምፓይ «ሼፕ» በሚባለው ባሕርይ ይታያል። ለምሳሌ የሚወሰደው በየካቲት 2000 እ.ኤ.አ. ኢንዴቨር የተባለችው የናሳ መንኮራኩር በራዳር የለካችው፣ ኤስአርቲኤም በሚል ስም የሚታወቀው የከፍታ መረጃ ነው። መረጃው የሚሠራጨው አንድ ዲግሪ በአንድ ዲግሪ በሆኑ ፋይሎች ነው፤ መቀሌን የሚይዘው ፋይል ከ13 እስከ 14 ዲግሪ ሰሜንና ከ39 እስከ 40 ዲግሪ ምሥራቅ ያለውን ሲሸፍን ቅርጹ 3601 በ3601 ነው። አንድ ዲግሪ 3600 ሰከንድ ሆኖ ሳለ ቁጥሩ በአንድ የበለጠው የዳር ነጥቦች ከጎረቤት ፋይሎች ጋር የጋራ ስለሆኑ ነው። ፋይሉ በሁለት ባይት ሙሉ ቁጥሮች የተጻፈ በመሆኑ መጠኑ 25,934,402 ባይት ነው፤ የወረደው ፋይል ከዚህ ካነሰ ማውረዱ መሃል ላይ እንደተቋረጠ ይታወቃልና፣ ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቦታ የሚሠራ ሰው ይህን ቁጥር ቢይዘው ይጠቅመዋል።

ቅርጹን ማየት ብቻውን ግን አይበቃም። 3601 በ3601 የሆነ አሬይ የትኛው ዘንግ ምን እንደሆነና ከየት እንደሚጀምር በቅርጹ አይናገርም። በዚህ ፋይል የመጀመሪያው ዘንግ ኬክሮስ ሆኖ ከሰሜን ይጀምራል፤ ማለትም ረድፍ 0 ያለው በ14 ዲግሪ ላይ ነው፤ ሁለተኛው ዘንግ ኬንትሮስ ሆኖ ከምዕራብ፣ ከ39 ዲግሪ ይጀምራል። ይህን በወረቀት ላይ መጻፍ የሚቀጥለውን ሥራ ሁሉ ያቀላል።

ሁለተኛው እርምጃ የቦታን አድራሻ ወደ ረድፍና ዓምድ ቁጥር መለወጥ ነው። የመቀሌ መካከል በ13.4967 ዲግሪ ሰሜንና በ39.4753 ዲግሪ ምሥራቅ አካባቢ ይገኛል። ረድፉ የሚገኘው ከ14 ላይ 13.4967 ተቀንሶ ቀሪው በ3600 ሲባዛ ሲሆን ውጤቱ ወደ ቅርቡ ሙሉ ቁጥር ሲጠጋጋ 1812 ነው፤ ዓምዱ ደግሞ ከ39.4753 ላይ 39 ተቀንሶ በ3600 ሲባዛ 1711 ይሆናል። አሬዩ «ከፍታ» የሚል ስም ከተሰጠው አንዲት ነጥብ የምትመረጠው እንዲህ ነው፦

ከፍታ[1812, 1711]

ቆጠራው ከ0 ስለሚጀምር ረድፍ 1812 በሰው አቆጣጠር 1813ኛው ነው። በማትላብ፣ በፎርትራን ወይም በአር የለመደ ሰው እዚህ ላይ መጠንቀቅ አለበት፤ እነዚያ ቋንቋዎች በልማዳቸው ከ1 ስለሚጀምሩ ከማትላብ የተገለበጠ ቁጥር በናምፓይ አንድ ረድፍና አንድ ዓምድ ያህል ይዘነፋል። መዘነፉ በየአቅጣጫው 30 ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ በካርታ ላይ በዓይን አይለይም።

ከአንድ ነጥብ ይልቅ መስኮት፣ ማለትም አራት ማዕዘን ክፍል፣ ሲፈለግ በሁለት ነጥብ ምልክት መነሻና መድረሻ ይሰጣል። ከተማዋን ከኩይሃ መዳረሻ ጋር የሚይዘው ከ13.45 እስከ 13.55 ዲግሪ ሰሜንና ከ39.40 እስከ 39.55 ዲግሪ ምሥራቅ ያለው መስኮት ሲሰላ ከረድፍ 1620 እስከ 1980ና ከዓምድ 1440 እስከ 1980 ይደርሳል፤ የሚጻፈውም እንደሚከተለው ነው፦

መቀሌ = ከፍታ[1620:1981, 1440:1981]

መድረሻው 1981 የሆነው በፓይተን መነሻው ሲካተት መድረሻው ስለማይካተት ነው። ለብዙ ጀማሪ እንግዳ የሚመስለውን ይህን ልማድ የኔዘርላንዱ የኮምፒዩተር ሊቅ ኤድስገር ዳይክስትራ በ1982 እ.ኤ.አ. በጽሑፍ ሲከራከርለት ዋና ጥቅሙን አሳይቷል፤ መድረሻው ሲቀነስ መነሻው የክፍሉን ርዝመት በቀጥታ ይሰጣል። ከላይ ያለው መስኮትም 1981 ሲቀነስ 1620 በመሆኑ 361 ረድፍ፣ በተመሳሳይ ስሌት 541 ዓምድ አለው፤ በመሬት ላይ ከሰሜን ወደ ደቡብ 11 ኪሎ ሜትር፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ 16 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ልብ ሊባል የሚገባው ሌላው ነገር የሰሜኑ ወሰን፣ 13.55፣ አነስተኛውን የረድፍ ቁጥር መስጠቱ ነው፤ ኬክሮሱ ሲጨምር ረድፉ ይቀንሳልና። ይህን ዘንግቶ መነሻና መድረሻን የሚያቀያይር ሰው የስህተት መልእክት ሳይሆን ባዶ አሬይ ይቀበላል።

ከሁሉ ይልቅ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ሦስተኛው እርምጃ፣ ማለትም ማረጋገጥ፣ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነው። መቀሌ ደግሞ በዚህ ረገድ የምታሳስት ከተማ ናት። ከተማዋ የፋይሉ መካከል አካባቢ ስለምትገኝ ረድፏና ዓምዷ፣ 1812ና 1711፣ ይቀራረባሉ፤ ሁለቱን አቀያይሮ ከፍታ[1711, 1812] ብሎ የጻፈ ሰው ከከተማው መካከል ወደ ሰሜን ምሥራቅ 4 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቅ ነጥብ ያገኛል። ሰሜንና ደቡብን የገለበጠ ሰውም ከ3600 ላይ 1812 ሲቀነስ 1788 ስለሚያገኝ የሚዘነፈው 24 ረድፍ፣ ከአንድ ኪሎ ሜትር በታች ነው። በሁለቱም ስህተቶች የሚገኘው ቁጥር ለመቀሌ ከሚጠበቀው ብዙም የማይርቅ ከፍታ ሆኖ ሊወጣ ስለሚችል ጥርጣሬ አያሳድርም፤ ስህተቱም ወደ ቀሪው ሥራ ሁሉ ይተላለፋል።

ስለዚህ ማረጋገጫው ከመካከል ርቆ በሚገኝና ረድፉና ዓምዱ በጉልህ በሚለያዩ ቦታ መደረግ አለበት። ለዚህ ፋይል የደጉዓ ተምቤኗ ሀገረ ሰላም ተስማሚ ናት። በ13.65 ዲግሪ ሰሜንና በ39.17 ዲግሪ ምሥራቅ ስለምትገኝ ረድፏ 1260፣ ዓምዷ 612 ነው፤ ከፍታዋም 2600 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከመቀሌ በግልጽ ትለያለች። ዘንጎቹ ከተቀያየሩ ነጥቡ 28 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደ ገርዓልታ አቅጣጫ ይሄዳል፤ ሰሜንና ደቡብ ከተገለበጡ ደግሞ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ደቡብ ይወርዳል። የሀገረ ሰላም ቁጥር በትክክል ከወጣ የመቀሌውም ይታመናል።

ከፋይሉ ወሰን ውጪ ያለ ቦታ ሲጠየቅ የሚሆነውም ሊታወቅ ይገባል። ማይጨው በ12.78 ዲግሪ ሰሜን ስለምትገኝ በዚያው ቀመር ረድፏ 4392 ሆኖ ይወጣል፤ አሬዩ ይህን ያህል ረድፍ ስለሌለው ፕሮግራሙ ስህተት አሳይቶ ይቆማል፣ መቆሙም መልካም ነው። በሰሜን በኩል ያለችው አዲግራት ግን በ14.28 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ረድፏ ከዜሮ በታች 1008 ይሆናል። ናምፓይ ከዜሮ በታች የሆነን ቁጥር ከመጨረሻው ወደ ኋላ እንደ መቁጠር ስለሚወስደው፣ -1 የመጨረሻው ረድፍ፣ -2 ከመጨረሻው በፊት ያለው ነው፣ ምንም ሳያንገራግር ረድፍ 2593ን ይሰጣል፤ ያ ረድፍ በ13.28 ዲግሪ ላይ፣ ከአዲጉዶም በቅርብ ርቀት የሚገኝ ነው። የአዲግራት ከፍታ ተብሎ የአዲጉዶም አካባቢ ከፍታ ተመዘገበ ማለት ነው። መፍትሔው ማንኛውም የተሰላ ረድፍና ዓምድ ከ0 የማያንስና ከ3600 የማይበልጥ መሆኑን ከመምረጥ በፊት መፈተሽ ነው። መስኮት ሲቆረጥ ነገሩ ይብሳል፤ መድረሻው ከወሰን ቢያልፍ እንኳ ናምፓይ ያለውን ያህል ብቻ ቆርጦ ስለሚመልስ፣ ከእያንዳንዱ ቆረጣ በኋላ ቅርጹን ከሚጠበቀው ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል።

እስካሁን የታየው ምርጫ በቦታ ነው፤ በዋጋ መምረጥም ይቻላል። ከአሬዩ ጋር እኩል ቅርጽ ያለውና በእያንዳንዱ ቦታ እውነት ወይም ሐሰት የሚል ምላሽ የሚይዝ ሌላ አሬይ ማስክ ይባላል። በኢትዮጵያ በተለመደው የአየር ንብረት አከፋፈል ከ1500 እስከ 2300 ሜትር ያለው ወይና ደጋ፣ ከዚያ በላይ ያለው ደጋ ስለሆነ፣ በመስኮቱ ውስጥ የወይና ደጋ ነጥቦች የሚለዩት እንዲህ ነው፦

ወይናደጋ = (መቀሌ >= 1500) & (መቀሌ < 2300)
የተመረጡ = መቀሌ[ወይናደጋ]

ቅንፎቹ ሊቀሩ አይችሉም፤ በፓይተን የ«&» ምልክት ከማነጻጸሪያ ምልክቶች ቀድሞ ስለሚሰላ ያለ ቅንፍ የተጻፈው ስህተት ያመጣል። በማስክ የተመረጠው ውጤት ረድፍና ዓምድ የሌለው ባለ አንድ ዘንግ ዝርዝር እንደሚሆንም ማወቅ ይገባል፤ አማካይ ለማውጣት ይጠቅማል፣ ካርታ ለመሣል ግን አይሆንም።

ማስክ የበለጠ የሚያስፈልገው ባዶ ቦታዎችን ለማስወገድ ነው። ራዳሩ በገደልና በሸለቆ ጥላ ምክንያት ያልለካቸው ነጥቦች፣ ክፍተታቸው ባልተሞላው እትም -32768 በሚል ቁጥር ተይዘዋል። ከላይ ያለው መስኮት 195,301 ነጥቦች አሉት፤ እውነተኛው አማካይ 2100 ሜትር ቢሆንና አንድ ሺህ ባዶ ነጥቦች ቢቀላቀሉበት አማካዩ በ180 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ውጤቱ አሁንም በወይና ደጋ ውስጥ ስለሚያርፍ ማንም አይጠራጠረውም።

እነዚህን ባዶ ነጥቦች በሌላ ቁጥር ለመተካት የሚሞክር ሰው የሚገጥመው ጉዳይ አለ። በሁለት ነጥብ ምልክት የተቆረጠ ክፍል አዲስ ቅጂ አይደለም፤ ናምፓይ ቁጥሮቹን ሳይገለብጥ በነበሩበት ማስታወሻ ላይ ሌላ መመልከቻ ብቻ ይከፍታል፣ ይህም ቪው ይባላል። ስለዚህ የሚከተለው መስመር «መቀሌ» የተባለውን መስኮት ብቻ ሳይሆን ዋናውን «ከፍታ» ጭምር ይለውጣል፦

መቀሌ[መቀሌ == -32768] = 0

አሠራሩ ማስታወሻ ስለሚቆጥብ የሚመሰገን ቢሆንም፣ ዋናው ሳይነካ እንዲቆይ ከተፈለገ መስኮቱ እንደተቆረጠ ወዲያውኑ «ኮፒ» በሚለው ተግባር ራሱን የቻለ ቅጂ መውሰድ ያስፈልጋል። በማስክና በቁጥር ዝርዝር የሚመረጡት ክፍሎች በአንጻሩ ሁልጊዜ ቅጂ ናቸው።

በቁጥር ዝርዝር መምረጥ የሚጠቅመው ተበታትነው ያሉ ቦታዎች በአንድ ጊዜ ሲፈለጉ ነው። የመቀሌ፣ የውቅሮ፣ የሀገረ ሰላምና የአዲጉዶም ረድፍና ዓምድ በየዝርዝሩ በቅደም ተከተል ይጻፋሉ፦

ረድፎች = [1812, 756, 1260, 2700]
ዓምዶች = [1711, 2160, 612, 1836]
ከፍታ[ረድፎች, ዓምዶች]

ናምፓይ የመጀመሪያውን ረድፍ ከመጀመሪያው ዓምድ፣ ሁለተኛውን ከሁለተኛው ጋር እያጣመረ አራት ቁጥሮችን ይመልሳል። የእያንዳንዱ ረድፍ ከእያንዳንዱ ዓምድ ጋር ያለው መገናኛ፣ ማለትም አሥራ ስድስቱም ነጥቦች፣ ከተፈለጉ ግን ከፍታ[ረድፎች][:, ዓምዶች] ተብሎ በሁለት ደረጃ መምረጥ ይቻላል፤ ብቻውን የቆመው ሁለት ነጥብ በዚያ ዘንግ ያለው ሁሉ ይወሰድ ማለት ነው።

ወደ ዝናቡ ሲመጣ ከላይ የተጠቀሰው የትግራይ ክፍል ቅርጹ 480 በ60 በ90 ነው፤ ወር፣ ኬክሮስ፣ ኬንትሮስ። እዚህ ሁለት ነገሮች ከከፍታው ይለያሉ። አንደኛ፣ የቺርፕስ ቁጥር የአንድ ነጥብ ሳይሆን የአንድ ካሬ ዝናብ ስለሆነ ስሌቱ ወደ ቅርቡ አይጠጋጋም፣ ክፍልፋዩ ተጥሎ ሙሉው ቁጥር ይወሰዳል። ሁለተኛ፣ በኔትሲዲኤፍ ዓይነት ፋይል ኬክሮሱ ብዙ ጊዜ ከደቡብ ይጀምራል። በዚህ መሠረት መቀሌ በረድፍ 29ና በዓምድ 69 ላይ ትወድቃለች። የክረምትን ዝናብ ከየዓመቱ ለማውጣት 480ው ወር በመጀመሪያ «ሪሼፕ» በሚለው ተግባር ወደ 40 ዓመት በ12 ወር ይከፈልና «በዓመት» የሚል ስም ይሰጠዋል፤ ቅርጹ 40 በ12 በ60 በ90 ሲሆን ከሰኔ እስከ መስከረም ተብለው የሚታወቁት የፈረንጆቹ ከ6ኛ እስከ 9ኛ ያሉ ወራት የሚመረጡት እንዲህ ነው፦

ክረምት = በዓመት[:, 5:9, 29, 69]

ውጤቱ 40 በ4 የሆነ ሠንጠረዥ ነው። በነጠላ ቁጥር የተጠሩት ሁለቱ የቦታ ዘንጎች ጠፍተዋል፤ እንዲቆዩ ከተፈለገ 29:30ና 69:70 ተብሎ ርዝመቱ አንድ የሆነ ቁራጭ መጠየቅ ይቻላል። ይህ አከፋፈል የሚያገለግለው ግን መረጃው ከጥር የሚጀምርና አንድም ወር ያልጎደለበት ሲሆን ብቻ ነው፤ ከመሬት ጣቢያ የተሰበሰበ፣ ጥቂት ወራት የተዘለሉበት መዝገብ ቢሆን ሁሉም ወር ከክፍተቱ ወዲህ ስሙን ይለውጣል።

በኢትዮጵያ ወራት መሥራት ለሚፈልግ ሰው ወርኃዊ መረጃ አይሆነውም። ሐምሌ 1 ቀን በጎርጎርዮሳውያን ጁላይ 8 ስለሚውል ወሩ በሁለት የፈረንጅ ወራት መካከል ይከፈላል። የዕለት መረጃ ከተገኘ ግን 365 ቀን ባለው ዓመት ሐምሌ ከ188:218 ያለው ቁራጭ ሲሆን፣ የፈረንጆቹ ዓመት 366 ቀን ሲኖረው 189:219 ይሆናል።

መቀሌ በዝናቡም አሬይ ዘንጉ መገልበጡን ትደብቃለች፤ ከሰሜን ሲቆጠር ረድፏ 30፣ ከደቡብ ሲቆጠር 29 ነውና። አዲግራት ግን በዚያው ዓምድ 69 ላይ በረድፍ 45 ስትገኝ፣ ኬክሮሱ ከሰሜን የሚጀምር ፋይል ላይ በዚሁ ቁጥር የጠየቀ ሰው ከማይጨው ብዙም የማይርቅ ቦታ ዝናብ ይቀበላል። ደቡብ ትግራይ የበልግ ዝናብ በተሻለ ስለሚያገኝ የአዲግራት ሥዕላዊ መግለጫ ላይ ያልተጠበቀ የመጋቢትና የሚያዝያ ከፍታ ከታየ መጀመሪያ የሚመረመረው ይኸው ነው።

ቁጥር ከማስላት ይልቅ በአድራሻ በቀጥታ መምረጥ ለሚሻ ሰው ኤክስአሬይ የተባለው ቤተ መጻሕፍት እያንዳንዱን ዘንግ ከኬክሮስ፣ ከኬንትሮስና ከቀን ስያሜው ጋር አያይዞ ይይዛል፤ ከአንድ በላይ ዓመት ያለው ሥራ ላይ ከናምፓይ ብቻ ይልቅ ይህ ይመረጣል። ልማዱ ግን ይለያል። በስያሜ ሲቆረጥ መድረሻውም ይካተታል፤ ኬክሮሱ ከሰሜን ወደ ደቡብ በሚወርድ ፋይል ላይ ደግሞ ከ12 እስከ 15 ተብሎ ሲጠየቅ የሚመለሰው ባዶ ስለሆነ፣ ወሰኑ ከ15 ወደ 12 ተብሎ መጻፍ አለበት።